ክብደት የሌለው ሐውልት ለምን ይከብዳል?

በኮምፒውተር ሐውልት የሚቀርጹ ሰዎች ሥራቸውን ሲያስረክቡ ከአፋቸው የማትጠፋ አንዲት ማስጠንቀቂያ አለች፦ «ፋይሉ ትንሽ ከበድ ይላል»። ትንሽ የተባለው አብዛኛውን ጊዜ አምስት ጊጋባይት ነው። ደንበኛው ባለ 32 ጊጋባይት ፍላሽ፣ ያውም ባዶውን፣ ይዞ ከተፍ ይላል፤ ፍላሹ ግን ሆዱ ባዶ ሆኖ ሳለ አልጎርስም ይላል። ነገሩ የቦታ እጥረት አይደለም። ብዙ ፍላሾች የሚሠሩት ፋት 32 በሚባል ያረጀ የፋይል አደራደር ነው፤ እሱ ደግሞ የቱንም ያህል ባዶ ቦታ ቢኖረው ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ወደ ቴሌግራም ቢዞሩ፣ በነፃ የሚጠቀም ሰው በአንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ መላክ አይችልም። ጂሜይልማ 25 ሜጋባይት ላይ በቃኝ ያለ መናኝ ነው። ይህ ሁሉ ወከባ ስለምን ተነሣ ቢሉ፣ ለቁልፍ መያዣ ስለታዘዘች፣ አውራ ጣት ስለምታክል ጦጣ ነው።

የእኔ ሙግት አጭር ነው፦ በዚያ ፋይል ውስጥ ያለው አብዛኛው ነገር ጦጣ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። «ምናልባት ያስፈልገኝ ይሆናል» የሚል ፍርሃት፣ በባይት ተመንዝሮ። የሙያው ሰዎች ፋይል ማሳነስን ሥራው ካለቀ በኋላ እንደሚመጣ ጽዳት ያዩታል፤ ለጽዳት ደግሞ የሚቸኩል የለም። እኔ ግን ማሳነሱ ራሱ ቅርጻ ቅርጹ ነው እላለሁ። ምን ይቆይ፣ ምን ይሂድ ብሎ መወሰን ካልሆነ ቀራጺ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ድንጋይ ላይ ይህ ክርክር አይነሣም ነበር። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ የፈለፈሉት ጠራቢዎች ከአለቱ አናት ጀምረው ቁልቁል ሲወርዱ እያንዳንዷ ምት ከአለቱ ላይ አንድ ነገር ታነሣለች፤ የተነሣው ተመልሶ አይለጠፍም። ማይክል አንጄሎ ዳዊትን ያወጣበት እብነ በረድም አጎስቲኖ ዲ ዱቾ የሚባል ቀራጺ እ.ኤ.አ. በ1464 ጀምሮ የተወው ነበር። ማይክል አንጄሎ በ1501 ሲረከበው ቀዳሚው የጎረደውን ወደ ነበረበት የሚመልስ ቁልፍ አልነበረውም፤ በተረፈው ድንጋይ ልክ አስቦ በ1504 ጨረሰ። ኮምፒውተር ይህን ሥርዓት ገለበጠው። ዚብረሽን እንውሰድ፤ ፒክሶሎጂክ በተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 ብቅ ያለ፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ የማክሶን ንብረት የሆነ፣ በፊልምም በጌምም ቤት የታወቀ የቅርጻ ቅርጽ ሶፍትዌር ነው። በዚብረሽ አፍንጫ ሲጎረድ ፋይሉ ይወፍራል፤ የተጎረደውም ያልተጎረደውም አፍንጫ አብረው ይቀመጣሉና። እጅ እየቀነሰ ፋይል የሚጨምርበት ሙያ በታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከጥፋተኞቹ ሁሉ ዋናው ኮንትሮልንና ዲን አንድ ላይ መጫን ነው። ይህ ትእዛዝ የቅርጹን ገጽ የሸፈኑትን ፖሊጎኖች እያንዳንዳቸውን ለአራት ይከፍላቸዋል። ስድስት ገጽ ያለው ኩብ አንዴ ሲከፈል 24፣ ሁለቴ 96፣ ሦስቴ 384 ይሆናል። እስከዚህ ማንም አይደነግጥም። አምስተኛው ላይ 6,144፣ ሰባተኛው ላይ 98,304 ይደርሳል፤ አሥረኛው ላይ 6,291,456። ለአፍንጫ ቀዳዳ ሲባል ተረከዙም አብሮ ይከፈላል፤ ተረከዙን የጠየቀው የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሒሳብ አለ። ፋይሉ ሲከብድበት ከየክፍፍሉ የተቀመጡትን የታችኞቹን ደረጃዎች ይሰርዛል፤ ብዛታቸውን አይቶ ትልቅ ሸክም የጣለ ይመስለዋል። ነገር ግን በአራት በሚባዛ ነገር የመጨረሻው ደረጃ ብቻውን ከቀዳሚዎቹ ሁሉ ድምር ሦስት እጥፍ ይሆናል። ታችኞቹን በሙሉ መሰረዝ የፖሊጎኑን ቁጥር ቢበዛ በሩብ ይቀንሳል፤ የላይኛዋን አንዲት ደረጃ መጣል ግን ሦስት አራተኛውን ይገላግላል። ይህን እያወቁ ላይኛዋን የማይነኩበት ምክንያት ሒሳብ አይደለም። የቆዳው ቀዳዳና ሽብሽብ ያለው እዚያ ነው፤ ሦስት ሌሊት የፈጀውም እሱ ነው። የደከሙበትን ነገር መጣል ያልደከሙበትን እንደ መጣል አይቀልም።

ለስሪዲ ፕሪንተር የሚላከው ፋይል ደግሞ የራሱ አመል አለው። ኤስቲኤል የሚባለውን የፋይል ዓይነት ስሪዲ ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያመጣው ሲሆን እስከ ዛሬ ከገበያ አልወጣም። አሠራሩ ቀላል ነው፦ 80 ባይት ራስጌ፣ 4 ባይት የቁጥር መያዣ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን 50 ባይት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ኤስቲኤል ግን ሃምሳውን ሎሚ ለእያንዳንዱ ያሸክማል። ጎረቤታም ሦስት ማዕዘኖች የሚጋሩትን አንድ ነጥብ እንኳ ለየራሳቸው እንደ አዲስ ይጽፍላቸዋል፤ በአማካይ አንዷ ነጥብ ስድስት ጊዜ ትጻፋለች። እንግዲህ ያ አሥር ጊዜ ተከፋፍሎ ድቡልቡል የሆነው ኩብ ወደ ሦስት ማዕዘን ሲለወጥ 12,582,912 ይሆናል፤ በ50 ሲባዛ 629 ሜጋባይት። ይህ ፊት የለው፣ ጆሮ የለው፣ ኳስ ነው። ኳሱ በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይታተም ቢባል፣ ገጹ ከእውነተኛው ክብ በ0.025 ሚሊ ሜትር እንኳ እንዳይርቅ 2,000 ገደማ ሦስት ማዕዘን ይበቃዋል። በሬዚን የሚያትሙ ማሽኖች በተለምዶ የሚደርቡት አንዱ ንብብር ብቻ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ብርሃን ላይ ጠርዙ ያብረቀርቅብኛል ብሎ የሚሰጋ አሥር እጥፍ ያድርገው፤ 20,000 ሦስት ማዕዘን፣ አንድ ሜጋባይት። የተረፈው 628 ሜጋባይት ምንድን ነው? ፕሪንተሩ አያትመው፣ ዓይን አያየው፣ ጣት አይዳስሰው።

የሥራ ፋይሉን ሆድ ዕቃ የከፈተ ሰው ደግሞ ከሒሳብ አልፎ ወደ ጠባይ ይገባል። ዚብረሽ አንድ ፕሮጀክት ሲቀመጥ ሰብቱል የሚባለውን የእያንዳንዱን የቅርጹን ክፍል የሥራ ታሪክ አብሮ ያስቀምጣል፤ ወደ ኋላ እየተመለሱ ማክሰኞ ከሰዓት የተበላሸችውን ጆሮ ማየት ይቻላል። ማን ያያታል? ማንም። ታሪኩን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ቁልፍ አለ፤ ቁልፉን መጫን ግን የገዛ ድካምን ምስክር አልባ ማድረግ ስለሚመስል አይጫንም። ቀጥሎ ዓይናቸው የተዘጋ ሰብቱሎች ይመጣሉ፦ የመጀመሪያው ጅራት፣ ደንበኛው ያልወደደው ጅራት፣ ደንበኛው ሳያየው ቀራጺው ራሱ የተጸየፈው ጅራት። ጦጣዋ ያላት አንድ ጅራት ነው፤ ፋይሏ አራት አለው። ሌየሮችም አሉ፤ እያንዳንዱ ሌየር በተሠራበት ደረጃ የተንቀሳቀሰውን ነጥብ ሁሉ የት እንደነበረና የት እንደሄደ መዝግቦ ይይዛል። በመጨረሻ የፋይሎቹ ስም፦ «ጦጣ የመጨረሻ»፣ «ጦጣ የመጨረሻ 2»፣ «ጦጣ የእውነት የመጨረሻ»፣ «ጦጣ ይሄኛው»። ከአልጋ ሥር ፌስታል በፌስታል አጭቀው «አንድ ቀን ይጠቅማል» የሚሉ እናቶች ቢያንስ የልባቸው ይደርሳል፤ ፌስታል በእርግጥ አንድ ቀን ይጠቅማል። የተጸየፉት ጅራት ግን ጠቅሞ አያውቅም።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ «ዲስክ ርካሽ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ረክሷል። ሲጌት እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ኤስቲ 506 የሚባል ሃርድ ዲስክ 5 ሜጋባይት ይይዝ ነበር፤ ዋጋው 1,500 ዶላር። አንድ መቶ ሺህ ሦስት ማዕዘን ያለው ኤስቲኤል ጢም ብሎ ይሞላው ነበር። ዛሬ ያ ቦታ ከሳንቲም በታች ነው። ይሁንና ፋይል ኑሮው ዲስክ ላይ ብቻ አይደለም። ሲከፈት ራም ውስጥ ይገባል፤ ራም ደግሞ እንደ ዲስክ አልረከሰም። ሲላክ በመስመር ያልፋል፤ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር 2 ጊጋባይት ለመላክ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ያውም መብራቱም መስመሩም ልብ ከሰጡ። ሲቀመጥም ብቻውን አይቀመጥም፤ ዚብረሽ በየመሃሉ በራሱ የሚያስቀምጣቸው ቅጂዎች አሉ፣ አምስት ጊጋባይት የሆነ ነገር አሥር ጊዜ ሲቀዳ ሃምሳ ነው። ርካሽነቱ የዲስኩ ነው፤ በጥበቃ የሚያልፈው ሰዓት የሰውየው ነው፤ ፓኬጁም የተቀባዩ።

«ዚፕ አድርገው» የሚለው መልስ ብዙ አያቆየንም። ዚፕ የሚያደርገው ተደጋግሞ የተጻፈውን በአጭሩ መጻፍ ነው፤ በተለይ እንደ ኤስቲኤል አንዱን ነጥብ ስድስት ጊዜ ለሚጽፍ ፋይል ለመንገዱ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን ከጦጣዋ ላይ አንዲት ሦስት ማዕዘን አይነካም። ተቀባዩ ሲፈታው አራቱም ጅራት ከነክብራቸው ይወጣሉ።

«ዝርዝሩ ይጠፋል» የሚለው ተቃውሞ ግን በቁም ነገር መመለስ አለበት። ፋይል ሲሳሳ የሚጠፋ ነገር በእርግጥ አለ፤ ጥያቄው የቱ ይጥፋ ነው። ማይክል ጋርላንድና ፖል ሄክበርት እ.ኤ.አ. በ1997 ያቀረቡት ስልት ነገሩን እንዲህ ይፈታዋል፦ የእያንዳንዱ ጠርዝ ሁለት ጫፎች ተሰብስበው አንድ ነጥብ ቢሆኑ ቅርጹ ከነበረበት ገጽ ምን ያህል ይርቃል ተብሎ ዋጋ ይወጣለታል፤ ከዚያ ዋጋው ከረከሰው ተጀምሮ ይሰበሰባል። ሜዳ የሆነ ግንባር ላይ የተሰለፉት ሦስት ማዕዘኖች ቢሄዱ የሚጎድል ስለሌለ ቀድመው ይሰናበታሉ፤ የከንፈር ጠርዝ ላይ ያሉት እስከ መጨረሻው ይቆያሉ። ሰዎቹ ስልታቸውን ከሞከሩባቸው ቅርጾች አንዷ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1994 ከሸክላ ቅርጽ ስካን ያደረጋት ዝነኛ ጥንቸል ናት። 69,451 ሦስት ማዕዘን ነበራት፤ 1,000 ብቻ ሲተውላትም ጥንቸል ነች፣ ድመት ነሽ ያላት የለም። በዚብረሽ ውስጥ ያለው ዲሲሜሽን ማስተርም በዚሁ መንፈስ ይሠራል፤ እጥፋት የበዛበትን ጥቅጥቅ፣ ሜዳውን ስስ ያደርጋል። እንዲያውም ዝርዝርን የሚያከብረው የሚያሳሳው መሣሪያ ነው እላለሁ፤ ኮንትሮልና ዲ ተረከዝን ከዓይን ቆብ አይለይም።

ዝርዝር ስንል ለመሆኑ ስንት ነው? ማርክ ሌቮይ የመሩት የስታንፎርድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1998 እና 1999 ጣሊያን ሄዶ የማይክል አንጄሎን ሥራዎች በሌዘር ስካን አደረገ። ቁመቱ 5.17 ሜትር ከሆነው ዳዊት ሁለት ቢሊዮን ፖሊጎንና 7,000 ባለ ቀለም ፎቶ ሰበሰቡ፤ በጠቅላላው 32 ጊጋባይት። ይህን የሚያህል ነገር በጊዜው በነበረ ኮምፒውተር እንደልብ ማገላበጥ ስለማይቻል፣ ከሩቅ በጥቂት ነጥብ፣ ሲቀርቡት በብዙ ነጥብ የሚያሳይ ኪውስፕላት የተባለ ፕሮግራም ሠሩ። ለጥናት ያዘጋጁት፣ በየአንድ ሚሊ ሜትሩ የተለካው ቅጂ 56 ሚሊዮን ሦስት ማዕዘን ነው። ባለ ሁለት ሚሊ ሜትሩ 8 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሰዎቹ ለየሥራው የሚበቃውን ልክ ወሰኑ እንጂ ዳዊትን አልናቁትም። አሁን ጦጣዋን እንመልከት። እንዲህ ያለ ቅርጽ 40 ሚሊዮን ፖሊጎን ይዞ መምጣቱ በሙያው ብርቅ አይደለም፤ አራት ማዕዘኖቹ ለሁለት ለሁለት ሲከፈሉ 80 ሚሊዮን ሦስት ማዕዘን ይሆናሉ። የዳዊት አውራ ጣት እንኳ ጦጣዋን ብዙ እጥፍ ያክላል፤ በሦስት ማዕዘን ግን ባለ አንድ ሚሊ ሜትሩን ሙሉ ዳዊት ቀድማዋለች።

«ደንበኛው ነገ ጆሮዋ ይርዘም ቢለኝስ?» የሚል ሰው ተገቢ ጥያቄ ጠይቋል። በዲሲሜሽን የሳሳ ቅርጽ ሦስት ማዕዘን ብቻ ነው፤ ደረጃዎቹ ጠፍተዋል፣ እንደገና ልቅረጸው ቢሉት በቀላሉ እሺ አይልም። የሳሳውን በዋናው ላይ ደርቦ ያስቀመጠ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለለት እሱ ነው። ስለዚህ የሚሰጠው ቅጂ ለብቻ ይሁን፤ የሚሠራበት ፋይል ደረጃዎቹን እንደያዘ ይቆይ፣ ታሪኩና የሞቱት ጅራቶች ግን ይሂዱ። ገጹ የተመሰቃቀለ ከሆነም ዚሪሜሸር የሚባለው የዚብረሽ መሣሪያ በጥቂትና ሥርዓት ባላቸው አራት ማዕዘኖች ይሠራዋል፤ ዝርዝሩ ከአሮጌው ላይ ወደ አዲሱ ይወሰዳል። «ታዲያ ሁለት ፋይል ሆነ፣ አበዛኸው እንጂ መች አሳነስከው?» ይባል ይሆናል። ሥራቸው የታወቀ ሁለት ፋይሎች፣ ሥራው ካልታወቀ አንድ ፋይል ይቀልላሉ፤ በጊጋባይትም ጭምር።

የጌም ሰዎች ለብዙ ዓመት የኖሩት በዚሁ ውሳኔ ነው። ቅርጹን በጥቂት ሺህ ሦስት ማዕዘን አሳስተው የቆዳውን ቀዳዳ ኖርማል ማፕ በሚባል ምስል ላይ ይቀዱታል፤ ብርሃኑ ቀዳዳው እንዳለ አስመስሎ ይጫወታል። በነገራችን ላይ 4,096 በ4,096 የሆነ ሦስት ቀለም ያለው ምስል ሳይታመቅ 50 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው፤ የሚሊዮን ሦስት ማዕዘን ኤስቲኤል ዋጋ። ይቺ ሃምሳ የትም አትለቀንም። ለፕሪንተር ግን ይህ ብልሃት አይረዳም፤ ፕላስቲክ በተንኮል ብርሃን አይታለልም።

የዘመኑ ተከራካሪ ግን ናናይትን ይዞ ይመጣል። ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2020 አንሪል ኢንጂን 5 የተባለውን የጌም መሥሪያ፣ ከነናናይቱ፣ ሲያስተዋውቅ ከዚብረሽ በቀጥታ የመጣ፣ ከ33 ሚሊዮን በላይ ሦስት ማዕዘን ያለው ሐውልት አሳየ፤ ቀጥሎ አምስት መቶ የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሐውልቶች በአንድ አዳራሽ አቆመ። ማሳነስ ቀረ፣ ተገላገልን የተባለው ያኔ ነው። ኤፒክ ራሱ የተናገረውን ልብ ብሎ የሰማ ግን ሌላ ነገር ይሰማል፦ በአንድ ፍሬም ውስጥ የነበረው ከቢሊዮን በላይ ሦስት ማዕዘን፣ የሚሣለው ግን 20 ሚሊዮን ገደማ። ናናይት ሦስት ማዕዘኖቹን በቡድን በቡድን አድርጎ፣ ጠርዝ እየሰበሰበ አሳስቶ፣ ስክሪኑ ላይ ከሚታየው በላይ የሆነውን አይሥልም። የጋርላንድና የሄክበርት ሒሳብ እዚያም ውስጥ አለ። ማሳነስ አልቀረም፤ ቀራጺው ያልወሰነውን ማሽኑ ወሰነለት እንጂ። ፕሪንተር ቤትም ያው ነው። ስላይሰር የሚባለው ፕሮግራም 80 ሚሊዮኑን ሦስት ማዕዘን እያቃሰተ ከከፈተ በኋላ ጦጣዋን በየ0.05 ሚሊ ሜትሩ ይቆራርጣታል፤ በሬዚን ማሽን ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ ነጭና ጥቁር ነጥብ ያለበት ምስል ይሆናል፣ ከነጥቧ ያነሰው ሁሉ ይጣላል፣ «እርግጠኛ ነህ?» የሚል ጥያቄ እንኳ ሳይቀርብ።